ሃያ ሁለት ትንፋሽ

«የበሽተኛዋ ትንፋሽ በደቂቃ ሃያ ሁለት። ደህና ነች፤ ወደ ቤቷ ትሂድ።»

ትናንት ጧት በዚህ ጋዜጣ ስሙን ለጊዜው ከማልጠራው ክሊኒክ ለታላቅ እህቴ የተሰጣት ወረቀት ቃል በቃል ይህ ነው። እህቴ ጎኗን ቢወጋት ጊዜ ከሰሃላ ሰቆጣ ድረስ በበቅሎ መጥታ እኔ ዘንድ አርፋለች። ወረቀቱን ስትሰጠኝ «ደህና... ነሽ... አሉኝ» ለማለት ሁለት ጊዜ አረፈች።

ሰዓቴን አውጥቼ ቆጠርኩ። በደቂቃ አርባ አራት። ደግሜ ቆጠርኩ... አርባ አራት።

እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ስህተት ብቻ ቢሆን ሠላሳም ሃምሳም በሆነ ነበር። ልክ እጥፍ ሲሆን ግን ምክንያት አለው።

ይዣት ተመለስኩ። ወረቀቱን የጻፈው ድሬሰር፣ ቁስል የሚያጥበውና መርፌ የሚወጋው፣ ከጎጃም የተመደበ ትሑት ሰው ነው።

«እፊቴ ቁጠርልኝ» አልኩት።

«አሁን ቆጠርኳቸው እኮ ጋሼ።»

«እንደገና።»

ደረቷን እያየ ቆመ። አውራ ጣቱ በጣቶቹ አንጓ ላይ ይሄዳል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ሰዓት ግን አያይም። «ሃያ ሁለት» አለ። በእኔ ሰዓት ያለፈው ሠላሳ ሰከንድ ነው።

«ደቂቃው መሙላቱን በምን አወቅህ?»

«ሰዓቴ ሐምሌ ላይ ውኃ ገብቶት ቆሟል። አንድ አቡነ ዘበሰማያት አንድ ደቂቃ ነው።»

«ማን ለካው?»

«አባቴ ሲጸልዩ ሰዓት ይዤባቸው አውቃለሁ። ደቂቃ ሙሉ ይፈጅባቸዋል።»

«አንተስ ስትጸልይ?»

እህቴ ከአግዳሚው ላይ ሆና፣ «አባትህ... ረጋ ያሉ ሰው ናቸው ልጄ። አንተ... ቅዳሴ እንዳለፈው ሰው... ነው የምታነበንበው» አለችው። እሱ ሳቁን ዋጠ። እኔ አልሳቅኩም።

ወዲያው ፔኒሲሊን ወጋት፤ አልጋም ሰጣት። ዛሬ ጧት ትንፋሿ ወደ ሠላሳ ሁለት ወርዷል... በሰዓት ተቆጥሮ።

ትናንትናውኑ የክሊኒኩ ኃላፊ ዘንድ ገብቼ መዝገቡን አስከፈትኩ።

«ይኸው ይዩት፤ ስርዝ ድልዝ የለበትም። ከዚህ የጠራ መዝገብ በጠቅላይ ግዛቱ አያገኙም» አለኝ።

እውነት ነው፤ ጽሕፈቱ ያምራል። ከሐምሌ ወዲህ እግሩ ለተሰበረው ዘጠኝ፣ ዓይኑን ላመመው ስምንት ትንፋሽ ተጽፏል። ጤነኛ ሰው በደቂቃ ዐሥራ ስድስት ጊዜ ገደማ ይተነፍሳል፤ ስምንት ጊዜ የሚተነፍስ ሰው እንዴት በእግሩ ቆሞ እንደሄደ የጠየቀ ግን የለም። አንዱ መስመር ላይ ጣቴን አሳረፍኩ። ሳል የያዘው የጽጽቃ ገበሬ ነው፤ ሃያ ስድስት፣ «ደህና ነው፤ ወደ ቤቱ ይሂድ» ይላል።

«ይህ ሃምሳ ሁለት ነው» አልኩት። «ሰውየው አሁን የት ነው ያለው?»

«ደህና ባይሆን ይመለስ ነበር» አለኝ።

ለዚህ ደብዳቤ ይኸው መልስ ደግሞ ከክሊኒኩ እንዳይላክልኝ። የሞተ ሰው አቤት ለማለት አይመለስም። ከሐምሌ ጀምሮ በዚያ መዝገብ ደህና ተብለው የተሸኙት ሰዎች ስም፣ ሄዶ የሚያያቸው ሠራተኛ ስምና የሚነሣበት ቀን፣ እስከ ኅዳር ሚካኤል ድረስ በጽሑፍ ይድረሰኝ።