ኖራ የተቀቡት ድንጋዮች

ወንድሜን ሰፈሩ «ፍጥጤ» ይለዋል። ዕድሜውን ሙሉ ሌሊት ሌሊት ደን ሲጠብቅ ኖሮ፣ ቀንም ዓይኑን መክደን ስላቃተው ነው። ደመወዝ የሚከፈለው ለዛፉ ነበር፤ ልቡ ግን ከዛፉ በላይ ካለው አለት ላይ ነው። እዚያ ስንጥቅ ውስጥ ቀን ተደብቀው ሲመሽ የሚወጡ እንሽላሊቶች አሉ። የዓይን ቆብ የላቸውም፤ አቧራ ሲገባባቸው ዓይናቸውን በምላሳቸው ይልሱታል። «ከእኔ የባሱ አፍጣጮች» ይላቸው ነበር እየሳቀ።

እንቁላላቸውን ድንጋይ ላይ ያጣብቁታል፤ ድንጋዩ ከተነቀነቀ ይሰበራል። ስለዚህ እንቁላል ያለበትን ድንጋይ ሁሉ ጫፉን ኖራ ይቀባዋል፣ ተረኛ ጠባቂ እንዳይረግጠው። ነገሩን የማያውቅ ሰው የወፍ ኩስ ነው ብሎ ያልፈዋል።

ጉልበቱ ሲከዳው የአንዲት ልጁን ባል ረዳቱ አድርጎ ጥበቃው ውስጥ አስገባው። «ተው፣ የዚህ ልጅ ዓይን አያርፍም» አልኩት።

«አንቺ ደግሞ ሰው አይጥምሽም!» ብሎ ሄደና ምልክቶቹን አንድ በአንድ አሳየው።

ብዙም ሳይቆይ ድንጋዮቹ በድጅኖ ተገልብጠው ተገኙ። ኖራ የተቀቡት ብቻ! ወንድሜ በከዘራ እያነከሰ ወጥቶ ያገኘው የተሰበረ እንቁላልና እንሽላሊቶቹ ሲያዙ የጣሉትን ጅራት ነው። የተያዙት ለእንስሳ ነጋዴ ተሸጠዋል። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ።

«ቀቢው ማነው?» አለ አለቃው።

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለሌባ መንገድ መሪ ሆነሃላ!» ብሎ እዚያው አሰናበተው። ድንጋዮቹ በተገለበጡበት ሌሊት «አሞኝ ቤቴ ነበርኩ» ያለው አማቹ አጠገባቸው ቆሟል፤ የሱሪው ጉልበት ኖራ ለብሷል። ወንድሜ አየው፤ ከዘራውን አንስቶ ወደ ቤቱ ሄደ።

«ምነው አፍህ ተለጎመ?» ብዬ ቤት ጮህኩበት።

«ልጄ እርጉዝ ናት። ባሏን ላሳስርባት?»

 አማቹ አሁን የጠባቂዎች ኃላፊ ሆኗል።

ባለፈው እሑድ ሚስቱንና ልጁን ይዞ ወንድሜ ቤት መጣ። አንዲት እንሽላሊት በግድግዳው ሽቅብ ሮጣ ከተሰቀለው ፎቶ ጀርባ ገባች። ወንድሜ አይቷታል፤ ዓይኑ ሲከተላት እኔም አይቻለሁ።

«አያዬ፣ የት ገባች?» አለችው የልጅ ልጁ።

ቀና ብሎ ሻይ የሚጠጣውን አባቷን አየ።

«አላየሁም፣ የኔ ልጅ» አላት።