ከግድግዳው የወጣው ጨርቅ

ኮሶዬ ያለው የእናቴ ቤት ትናንት ሲፈርስ፣ የጭቃና የጭድ ሽታ አፍንጫዬን መታውና የሰባት ዓመት ልጅ ሆንኩ።

በንጉሡ ዘመን ማብቂያ፣ ሐምሌ ነበር። ተማሪው ወንድሜ «መሬት ለአራሹ» ብሎ በቀይ ቀለም የጻፈበትን አቡጀዲ እናቴ ግድግዳው ላይ ለጥፋ፣ በላዩ ጭቃ ትመርግበታለች። ሳትጨርስ ፈታሾች ገቡ። ሸበቶው፣ ጠመንጃውን እንዳነገተ፣ እርጥቡን ግድግዳ አየና፣ «ምነው በክረምት ምርጊት? ሰው የሚመርገው ዝናቡ ሲያባራ አይደል?» አላት።

«የማርያም ዝክር ደርሶብኝ ነው፣ አያ» አለች።

እኔ ግን ከጭቃው ያመለጠች የቀይ ፊደል ጫፍ አየሁ። ሄጄ በጀርባዬ ሸፈንኳት።

ሲወጡ እናቴ ጭቃ የለበሰ ቀሚሴን አይታ አልተቆጣችም። «ቤት የዋጠውን አይተፋም፤ አንቺም እንደ ቤት ሁኚ» አለችኝ። ያኔ አልገባኝም። ወንድሜን በዚያው ሰሞን ወሰዱት፤ አልተመለሰም።

ዛሬ የድሮ የትግል ወረቀትና ጨርቅ የምትሰበስብ ልጅ ከጎንደር መጥታ፣ ከፍርስራሹ የወጣውን አቡጀዲ አይታ «ጭቃውን አጥበን ጽሑፉን እናውጣው?» ስትለኝ ጮህኩባት።

«እንዳትነኪው! ጽሑፉ የወንድሜ ነው፤ ጭቃው ላይ የቀረው ግን የእናቴ ጣት ነው።»