አምፖሉ ላይ የቀረ ጣት

ባለፈው ግንቦት ከግራ ዓይኔ ላይ የሞራ ግርዶሽ አወጡልኝ። እዚሁ አምቦ ነው፤ ከቤቴ በባጃጅ ሩብ ሰዓት አይሞላም። ፊቴን መሃሉ ቀዳዳ በሆነ ጨርቅ ሸፍነው ማይክሮስኮፑን ከላዬ ሲያመጡት ሐኪሙ፣ የልጄ እኩያ የሚሆን ሰው፣ «እማማ፣ መብራቱን ብቻ ይዩ፤ አይንቀሳቀሱ» አለኝ። አየሁት። መጀመሪያ ሦስት ነጭ ክብ ነበር፤ ቆይቶ አንድ ሆነ፤ ከዚያ ውኃ ውስጥ እንደወደቀ ነገር ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሕመም የለውም። ሐኪሙ በየመሃሉ «እንዴት ነው?» ይለኛል፤ እኔም «ደህና ነው» እለዋለሁ። የማስበው ግን ስለ ዓይኔ አልነበረም። ይህ መብራት አሁን ድንገት ቢጠፋ በእጃቸው ሌላ ምን አለ እያልኩ ነበር። መብራቱን ከወጣትነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ያኔ ግን የተኛሁት እኔ አልነበርኩም፤ ከጎን ቆሜ ነበር።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አምቦ ጨርሼ፣ ውጤቴ ለዩኒቨርሲቲ ስላልበቃ በጤና ረዳትነት ሰልጥኜ ጌዶ ተመደብኩ። ዘመኑ የደርግ ነው። ጌዶ ብርዱ ይጠናል፤ በክረምት ጭቃው ጫማ ያወልቃል፤ ጥቅምት ሲገባ ግን መንገዱ ይደርቅና ከባኮ በቆሎ ጭነው የሚወጡት መኪናዎች አቧራቸውን እስከ ጤና ጣቢያው በረንዳ ድረስ ይረጩታል። የዓይን ሐኪሞቹ የሚመጡት በዚያ ወቅት ነበር፤ መንገዱ ደርቆ፣ ገብሱ ገና ሳይታጨድ። በሽተኞቹን የየገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ማኅተም ያለበት ደብዳቤ እየሰጠ ይልካቸዋል። አንዳንዱ ደብዳቤውን እንደ ክታብ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎት ይመጣ ነበር።

ማይክሮስኮፑ በእንጨት ሣጥን፣ በድርቆሽ ተከቦ ነው የሚመጣው። የማዋለጃ ክፍላችንን ለቀን፣ መስኮቶቹን በግራጫ ብርድ ልብስ እንከድናለን። ዶክተሩ ከጎን የሚገባ ብርሃን አይወድም፤ «ፀሐይ አታግዘኝ» ይል ነበር። ምክንያቱን ሲስተር ወርቄ ነገረችኝ። እሷ ከዶክተሩ ጋር የምትዞር፣ ዝምታዋ የሚያስፈራ፣ በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማትርቅ ነርስ ነበረች። የማይክሮስኮፑ መብራት ከሐኪሙ ዓይን ጋር በአንድ መስመር ወርዶ የበሽተኛውን ዓይን ወለል ይመታል፤ ከወለሉ ሲመለስ ብሌኑ ውስጡ እንደ ፍም ይቀላል፤ ሐኪሙ የሚሠራው ያንን ቅላት እያየ ነው። ቅላቱ ከጠፋ ሰውየው በጨለማ ቤት መርፌ እንደሚፈልግ ሰው ይሆናል።

የእኔ ሥራ ጠብታ ማድረግ፣ ሽፋሽፍት መቁረጥና ኦሮምኛውን ለዶክተሩ ማስተርጎም ነበር። አምፖል መቀየሩ የተጨመረው በኋላ ነው። ጄኔሬተራችን እየተንገዳገደ ስለሚሠራ አምፖል ይፈጃል። ይዘው ከመጡት ሦስት አንዱ በመጀመሪያው ቀን ተቃጠለ። ሲስተር እጇን ታጥባ ጓንት ስላደረገች የተቃጠለውን እንዳወጣ እኔን አዘዘችኝ፤ ስነካው አመልካች ጣቴን ጠበሰኝ። ያን ቀን አዲሱን ራሷ አስገባችውና ጓንት ቀየረች። «ሁለተኛ በጣትሽ እንዳትነኪ፤ በጎዝ ጨርቅ ያዢው» አለችኝ። እኔ የገባኝ ስለ ትኩሳቱ ነው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት በረንዳው ላይ ከተቀመጡት መካከል አዴ ዲንቂቱ የሚባሉ ከጌዶ በላይ ካለው ደጋ የመጡ ሴት ነበሩ። ቀኝ ዓይናቸውን ከዓመታት በፊት ገበያ ለገበያ እየዞረ ሞራ በመርፌ የሚገፋ ወጊ ወግቶ አጥፍቶታል። የቀረችው ግራዋ ናት፤ እሷንም ሞራው ሸፍኗታል። የሚመራቸው ሴት ልጃቸው ሎሚ ነበረች፤ እሷም የእኔ እኩያ ናት። ጠብታ ሳደርግላቸው ክንዴን ይዘው ዳበሱኝ።

«መንግሥት ምግብ አይሰጥሽም እንዴ? ይሄ ክንድ ነው የጤፍ አገዳ?» አሉኝና በቅል የያዙትን ጭኮ በእጃቸው ቆርሰው እጄ ላይ አደረጉልኝ። «ኛዱ፣ ኢንታላ ኮ። ብዪ ልጄ።»

በሥራ ላይ መብላት ክልክል ነበር። ግን የእናት እጅ መመለስ በዚያ አገር ከስድብ ይቆጠራል። በላሁ። ገብሱ ደህና ተቆልቷል፤ ቅቤው ለጋ ነው፣ ኮረሪማ ኮረሪማ ይላል። እየበላሁ ልጃቸውን ለማን እንደዳሯት ጠየቅኳቸው።

«ባኮ ላይ የሚጠብቃት አለ፤ ሁለት ዓመቱ። ግን ይቺ የእኔ ዱላ ናት። ዱላ ደግሞ አያገባም» አሉ እየሳቁ።

«አዮ፣ ለሰው ሁሉ መንገር አለብሽ?» አለች ሎሚ እናቷን። እሷ አልሳቀችም። ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረችና ዓይናቸው ከዳነ ለጥር ሠርግ ቀን እንደተቆረጠ ነገረችኝ። ካልዳነ ግን ሰውየው ሌላ ቤት እንዲጠይቅ ሽማግሌዎቹ ተስማምተዋል።

ወዲያው ከውስጥ ተጠራሁ። ሁለተኛው አምፖል ተቃጥሏል። እጄን ጋውኔ ላይ ጠረግሁና ገባሁ። የተቃጠለውን በጎዝ አወጣሁት። የመጨረሻውን ከጥጥ ውስጥ ሳወጣው ቀዝቃዛ ነበር፤ ጎዙም ያንሸራትታል። በጣቴ ያዝኩት። በአውራ ጣቴ ገፍቼ አስገባሁት። በራ። ሲስተር ወርቄ ጀርባዋን ሰጥታ መሣሪያ ትደረድር ነበር።

አንድ ሽማግሌ በዚያ መብራት በሰላም ተሠሩ። ከእሳቸው ቀጥሎ አዴ ዲንቂቱ ገቡ። የሰከነ በሽተኛ ነበሩ፤ ትንፋሻቸው እንኳ አይሰማም። ዶክተሩ ዓይኑን ከፈተ፣ ሞራውን አወጣ፤ ሞራው ትሪው ላይ ሲቀመጥ የበሰለ አተር ይመስል ነበር። የቀረው መስፋት ነው። ክሩ ከፀጉር ይቀጥናል። በዚያች ሰዓት ከመብራቱ ቤት ውስጥ ጠቅ የሚል ድምፅ ተሰማና ጨለመ።

«ማንም አይንቀሳቀስ» አለ ዶክተሩ፤ ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ባትሪ።»

የእጅ ባትሪ የምይዘው እኔ ነበርኩ። ከላይ ስይዘው የዶክተሩ ጭንቅላት ይጋርደዋል፤ ከጎን ስይዘው ብሌኑ ጥቁር ጉድጓድ ሆነ። ብርድ ልብሱ ይነሳ አለ። ሲነሳ ደግሞ መስኮቱ እንዳለ፣ ከነፍሬሙ፣ ዓይኑ ላይ ተንጸባረቀና ውስጡን ጨርሶ ከለለው። መልሰን ከደንነው።

«አለቀ እንዴ? ጨለመ» አሉ አዴ ዲንቂቱ በኦሮምኛ።

«ትንሽ ቀረ፤ አይንቀሳቀሱ» አልኳቸው።

«እሺ፣ ልጄ።»

ዶክተሩ እየዳበሰ ሰፋ። በመሃል ከዓይን መውጣት የሌለበት ውኃ በጉንጫቸው ላይ ሲወርድ አየሁ። ሲስተር ወርቄም አይታለች።

ሲጨርስ አምፖሉን በመቆንጠጫ አውጥቶ ወደ በሩ ብርሃን ያዘው። መስተዋቱ በአንድ በኩል አብጦ ተሰንጥቋል፤ ባበጠው ቦታ ላይ ወተት የመሰለ ነጭ ጠባሳ አለ። ቅርጹ የአውራ ጣት ነው። መስመሮቹ ሳይቀሩ ይታያሉ።

«ይችን በባዶ እጁ የነካት ማነው?» አለ።

ሲስተር ወርቄ አየችኝ። ከዚያ ወደ እሱ ዞራ «ከዕቃ ግምጃ ቤት ሲወጣ ይሆናል» አለች። እኔ ባትሪውን አጥፍቼ አስቀመጥኩ። ከሰዓት በኋላ በጓሮ ጎዝ ስናሰጣ፣ ቅባት የነካው አምፖል ሲግል በነካው ቦታ እንደሚፈነዳ አስረዳችኝ።

«ነግሬሽ ነበር» አለችኝ።

«ሲግል ብቻ መስሎኝ ነው።»

«እንግዲህ አሁን አወቅሽ» አለችና ማስጣቷን ቀጠለች። ከዚያ በኋላ አንስታው አታውቅም።

ፋሻው ሲፈታ ዶክተሩ ጣቶቹን ፊታቸው ላይ አድርጎ ስንት ነው ብሎ ጠየቃቸው። እኔ አስተረጎምኩ። «ብርሃን ነው፤ ብርሃኑ ላይ የሚሄድ ነገር አለ» አሉ። ወፍራም መነጽር አደረጉላቸው፤ ለውጥ የለም። ሎሚ የእናቷን ፊት ሳይሆን የዶክተሩን ፊት ነበር የምታየው። ከዚያ መጥታ ትከሻዋን ከእጃቸው ሥር አስገባችና አነሳቻቸው። አዴ ዲንቂቱ ቀንና ሌሊቱን መለየት ትንሽ ነገር አይደለም ብለው ሁላችንንም መረቁ። እኔን ለብቻዬ ሁለተኛ ጊዜ መረቁኝ።

ያን ዓይን አምፖሉ ባይፈነዳ ያድነው እንደነበር አላውቅም። ሲስተር ወርቄን ልጠይቃት አስቤ ተውኩት። ጥር ገብቶ ወጣ።

ወደ አምቦ ከተዛወርኩ በኋላ፣ ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ለሥራ ጌዶ ሄጄ በገበያው መሃል አለፍኩ። ሎሚ ከፊት፣ እናቷ እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አድርገው ከኋላ። ሎሚ ከእኔ የምትበልጥ መስላ ነበር። ሰላም ስል አዴ ዲንቂቱ በድምፄ ለዩኝና ክንዴን ፈልገው ዳበሱት። «አሁንስ ሥጋ ገዛሽ» አሉ። ሎሚ ራሷን ዝቅ አድርጋ ሰላምታ ሰጠችኝ። እኔም ልነግራቸው የነበረውን አልነገርኳቸውም። መኪናው እየጠበቀኝ ነው ብዬ ሄድኩ። መኪናው ገና አልመጣም ነበር።

የእኔን ፋሻ በማግስቱ ጠዋት የፈታችው አንዲት ወጣት ነርስ ናት። የማይክሮስኮፑን አምፖል ሲቀይሩ በምን እንደሚይዙት ጠየቅኳት። ሳቀች። «አምፖል እኮ የለውም እማማ፣ ኤልኢዲ ነው፤ እኔ ከመጣሁ ተቀይሮ አያውቅም» አለችኝ። ከዚያ ምን እንደሚታየኝ ጠየቀችኝ።

እጄን አንስቼ ፊቴ ላይ ያዝኩት። አውራ ጣቴ ላይ ያሉት መስመሮች አንድ በአንድ ይታዩኝ ነበር። በዕድሜ አልጠፉም።

«ሁሉም ይታያል» አልኳት።