ስሙ የማይጠራው መድኃኒት

ከመርሳ የወጣሁ ለት ንጋት ላይ ፈጅር ተሰግዶ ሚኒባሱ ጥሩምባውን ሲነፋ፣ እናቴ እጄን ይዛ አልለቅ ብላ ነበር። የሰፈራችን መድኃኒት አዋቂ ሸህ አሊ በዱላቸው ተደግፈው መጡና በነጭ ጨርቅ የተቋጠረ ዱቄት መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ከልጅነቴ ራሴን ያመኛል፤ የሚያሽረኝ የሳቸው ቅጠል ብቻ ነው።

«ስሙን ለማንም እንዳትጠሪ፤ ከጠራሽው ይረክሳል፣ አይሠራልሽም» አሉኝ።

«አልጠራም ሸህ። ብቻ ዱዓ አርጉልኝ።»

እናንተ የአገሬ የሐብሩ ሰዎች ይህን ታውቁታላችሁ፤ መድኃኒት የሰጠም የተቀበለም ስም አይጠራም። እኔም ይህንኑ ይዤ ጀርመን ገባሁ። የአረጋውያን መጦሪያ ሥራ ተገኝቶልኝ ነው የሄድኩት።

ገና አውሮፕላን ማረፊያው ላይ አንድ ቀጭን የጉምሩክ ሰውዬ ጨርቄን ፈትቶ አሸተተና አፍንጫውን ሰበሰበ። አንዲት ሐበሻ እየተረጎመችልን፣

«ምንድን ነው?» አለኝ።

«መድኃኒት።»

«ስሙ?»

«አይጠራም።»

«ስም የለውም ማለትሽ ነው?»

«ኧረ አለው! ግን አይጠራም።»

«ታዲያ መድኃኒት መሆኑን በምን አውቃለሁ?»

«ራስህን ሲያምህ ና፣ ታውቃለህ» አልኩት። አስተርጓሚዋ ይህንን አልተረጎመችውም፤ ሳቋን ዋጥ አደረገች። ሰውየው የሸህ አሊን ልፋት ዓይኔ እያየ ቆሻሻ ውስጥ ደፋው። ስሙን ብናገር ምናልባት ያሳልፈኝ ነበር። አሁንም ግን አልጽፈውም፣ ወላሂ አልጽፈውም!

ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮ የታወቀ ነው። ዳቦው ጥርስ ይነቅላል። ማንጎው የመርሳን ማንጎ በስም እንጂ በጣዕም አያውቀውም። ሰማዩ ከመስከረም ጀምሮ ተደፍኖ ይከርማል። ራሴም ተነሣብኝ። አከራዬ አሮጊት ናት፤ ሽንኩርት ባቁላላሁ ቁጥር በሬን አንኳኩታ «እዚህ ቤት ሰው ይኖራል እኮ!» የምትል። እኔ ምን መሰልኳት እንግዲህ? አንድ ቀን ግን ራሴን በሻሽ ጠፍሬ ስታየኝ አዘነችልኝና «አፖቴክ» ወደሚሉት መድኃኒት ቤት ወሰደችኝ።

ባለመድኃኒቷ ነጭ ጋዋን ለብሳ ትጠይቀኝ ጀመር። ፀሐይ ላይ ይብስብሻል ወይስ ብርሃንና ጫጫታ ሲኖር? ፊትሽ ይቀላል? እኔ ጠይሟ በምን ልቅላ! ከዚያ ሁለት ትናንሽ ጠርሙሶች ደረደረች፤ አንዱ «ቤላዶና»፣ አንዱ «ግሎኖይን»። ሁለቱም ውስጥ የጤፍ ፍሬ ትንሽ ተለቅ ቢል የሚያህሉ ነጫጭ እንክብሎች። ብርሃንና ጫጫታ ከሆነ ቤላዶናው፣ ፀሐይ ከሆነ ግሎኖይኑ አለችኝ። እኔን የሚብሰኝ ጫጫታ ነውና ቤላዶናውን ወሰድኩ። ተኝቼ ስነሣ ራሴ ተወኝ። ለካስ እንቅልፍ ነበር ያጣሁት!

በዚያው ሰሞን እናቴ ደውላ «ራሴን ይወቅረኛል» አለችኝ። እኔም ተምሬያለሁ አይደል፣ የባለመድኃኒቷን ጥያቄ አንድ በአንድ ጠየቅኳት። «የመርሳ ፀሐይ ነዋ የሚያመኝ፣ ሌላ ምን ያመኛል» አለች። ስለዚህ ግሎኖይኑን ገዛሁና ለኢድ አገር ለሚገባ የጎረቤታችን የግራና ከተማ ሰው ሰጠሁት። እናቴ የደም ግፊት እንዳለባት፣ ከወልድያ ሐኪም የታዘዘላትን ክኒን በየቀኑ እንደምትውጥ እያወቅኩ! የግፊቷ ራስ ምታት ሊሆን ይችላል ብዬ አንድ ደቂቃ አላሰብኩም። ይህን ስጽፍ እንኳ እጄን ልነክሰው ይቃጣኛል።

ሁለት ወር አለፈ። ሥራ ቦታ ላይ ለአንዷ ነርስ ጠርሙሴን አሳየኋትና ከምን ቅጠል እንደሆነ ጠየቅኳት።

«እንዲህ ያለው እንክብል ሁሉ ስኳር ነው» አለች። «ቅጠሉማ በውሃ ቀጥኖ ቀጥኖ ምንም አልቀረውም።»

ደሜ ፈላ። የኔን ቅጠል ስም የለውም ብለው ጣሉ፤ እነሱ ቅጠል የሌለበትን ስም ለጥፈው ሸጡልኝ! ይህን ለእናቴ ነግሬ ልንስቅ ብዬ ደወልኩ።

«አሰላሙ አለይኩም እማ፤ ራስሽ እንዴት ነው?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ያንቺ መድኃኒት ይባረክ። ያንን መራራ የወልድያ ክኒን ገላገልሽኝ።»

 «ምን ማለትሽ ነው?»

«ተውኩታ! ሁለት መድኃኒት አንድ ሆድ ውስጥ ምን ይሠራል? ባለፈው ሳምንት ወልድያ ሄጄ ሐኪሙ ግፊትሽ በጣም ወጥቷል፣ ክኒኑን ትውጫለሽ ወይ አለኝ። አዎ አልኩት።»

«እማ! ያንን እንደተውሽ፣ የኔን እንደምትወስጂ አልነገርሽውም?»

«ስሙን ልጠራ? ላንቺ ብዬ አይደል የደበቅኩት፤ ልጄ የላከችው ይርከስብኝ?»

የሥራ ቦታዬ ኮሪደር ላይ መሆኔን ረሳሁ። 

«ስኳር ነው!» ብዬ ጮህኩ። «እማ፣ የላክሁልሽ ስኳር ነው፣ ሌላ ስም የለውም!»

 

«በቃ ጠራሽው» አለች ቀስ ብላ። «አረከስሽው።»

ስኳር መሆኑን አላመነችኝም። የረከሰ መድኃኒት ግን እናቴ አትወስድም።

«አዎ፣ ረክሷል፤ ጣይው። የወልድያው ክኒን የት ነው? አሁን አምጪው፣ እየሰማሁሽ ዋጪ። ነገ በጠዋት ደግሞ ሐኪሙ ጋ ሄደሽ እንደተውሽው ንገሪው። ክኒኑን እኮ ስሙን ብትጠሪው አይረክስም።»

ቁም ሣጥኑ ሲከፈት፣ የክኒኑ ማሸጊያ ሲንኮሻኮሽ፣ «ቢስሚላህ» ስትል ሰማሁ። ከዚያ ውሃ ስትጎነጭ።

«ዋጥኩት» አለች። ትንሽ ቆይታ፣ ድምጿ እንደ ሕፃን ሆኖ፣ «ያንቺው ግን ይጣፍጥ ነበር» አለችኝ።