ከበሩ ሥር ያለው ቦታ

የያዙኝ ካዛንቺስ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ነው። ሰላም ለማስከበር ውጭ አገር አብረውኝ ዘምተው ሳንባቸው የታመመ ጓደኞቼን ፊርማ አሰባስቤ፣ «እንታከም» የሚል ማመልከቻ ሳባዛ ነበር። «ወታደር እያሳመፅክ ነው» አሉኝ። ማመልከቻው ማሽኑ ውስጥ ቀረ።

የእስር ክፍሉ ሕግ ቀላል ነው። አዲስ የገባ ሽንት ቤቱ አጠገብ ይተኛል፤ ሰው በተፈታ ቁጥር አንድ ፍራሽ ወደ በሩ ይጠጋል። ከበሩ ሥር አራት ጣት የምታህል ክፍተት አለች፤ ንጹሕ አየር የሚገባው በእሷ ብቻ ነው። እዚያ ለመድረስ አምስት ወር ፈጀብኝ። አፍንጫዬን ክፍተቷ ላይ ደቅኜ የተኛሁ ዕለት፣ ቤት የሠራሁ ያህል ኮራሁ።

አንድ ቀን ጠዋት በሩ ተከፈተና አዲስ እስረኛ አስገቡ። ሻለቃዬ ነበር። በምን እንደታሰረ አልጠየቅኩም። ደስ አለኝ፣ ይኼን አልደብቅም።

የዘመትንበትን ካምፕ ቆሻሻ ጉድጓድ ውስጥ በናፍጣ ያስነድድ የነበረው እሱ ነው፤ ፕላስቲክ፣ ጎማ፣ ባትሪ፣ ያልተቃጠለ ነገር የለም። እኔ ጥበቃ የምቆመው ጉድጓዱ አፍ ላይ ነበር። ጥቁር አክታ መትፋት ስጀምር «የበረሃ አቧራ ነው» አለኝ። ስንመለስ ደግሞ ፋይሌ ላይ «ሕመሙ ከሲጋራ የመጣ ነው» ብሎ ፈረመበት። በዕድሜዬ ሲጋራ አፌ ገብቶ አያውቅም። የሄድኩበት ቢሮ ሁሉ ያችን መስመር እያሳየ መለሰኝ።

ሻለቃው ሽንት ቤቱ አጠገብ ተነጠፈለት። ከሰዓት በኋላ ሳል ጀመረው፤ ከታች ተነስቶ ሳይወጣ የሚመለስ ሳል። አወቅኩት፣ የእኔው ነው። ለካ እሱም ያንኑ ጭስ ስቧል።

የክፍላችን ካቦ፣ የእስረኞቹ አለቃ የሆነ የቀድሞ አስተማሪ፣ አጠገቤ ቁጢጥ አለ።

«ወንድሜ፣ ሰውዬው እየታፈነ ነው። ለዛሬ ቦታህን ብትለቅለት?»

«ይሳል» አልኩት።

ካቦው ወደ ፍራሹ ተመለሰ። ጀርባዬን ሰጥቼ አዳመጥኩ። ሳሉ ጣፈጠኝ ብል ውሸት የለበትም።

ቆይቶ ሻለቃው እየዳኸ መጣ።

«አንተ... አውቄሃለሁ። ሲጋራ ያልኩትን... አስተካክዬ እጽፍልሃለሁ። ብቻ ትንሽ አየር...»

ስንት ዓመት የጠበቅኳት ቃል ናት። «ወረቀት አምጡ» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ ከንፈሩን አየሁት፣ ጠቁሯል። ታንቆ የጻፈውን ነገ «አስገድዶኝ ነው» ብሎ እንደሚክደው ታየኝ።

ተነሳሁለት።

«ሻለቃ፣ እዚህ ይተኙ። አሁን አይጽፉም። በደንብ ሲተነፍሱ፣ ሰው ሁሉ እያየ ይጽፋሉ። ባይጽፉም ቦታውን አልነጥቅዎትም።»

ፍራሼን ተሸክሜ ሽንት ቤቱ አጠገብ ተኛሁ። ሦስት ቀን ሙሉ አንጀቴ እስኪላቀቅ የሳልኩት እኔ ነኝ። በአራተኛው ቀን ጠዋት፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ሻለቃው ካቦውን እስክሪብቶ ለመነው። በመድኃኒቴ ካርቶን ውስጠኛ ገጽ ላይ ጻፈ፦ «አያጨስም ነበር። የታመመው ከጉድጓዱ ጭስ ነው። ያስነደድኩት እኔ ነኝ።» ፈረመ። ካቦውና ሌሎች ሁለት እስረኞች ምስክር ሆኑ።

ዛሬ ከባምቢስ ወደ ካዛንቺስ ስወጣ ሦስት ቦታ ቆሜ አርፋለሁ። ካርቶኗ የደረት ኪሴ ውስጥ ናት፤ ሕክምና በከለከሉኝ ቢሮዎች ላይ ክስ መሥርቻለሁ። ሻለቃውም ተፈቷል። አንዳንዴ ስታዲየም አካባቢ እንገናኛለን። «ይቅር በለኝ» ይለኛል። ይቅር አላልኩትም፣ አልለውምም። «መድኃኒትዎን ወሰዱ?» ብዬ ብቻ እጠይቀዋለሁ። አላፊ አግዳሚው የምንዋደድ ይመስለዋል። እኔ ግን ፍርድ ቤት ቆሞ «ፊርማው የእኔ ነው» እስኪል ድረስ እንዲሞትብኝ አልፈልግም።