ስም ያልተጻፈባቸው ሰዎች

ቡሬ ከተከራየኋት ቤት ሊወስዱኝ የመጡት ፖሊሶች መጻሕፍቴን ዘወር ብለው እንኳ አላዩም። የፈለጉት ግድግዳዬ ላይ የሰቀልሁትን ሥዕል ነው። አንደኛው ከነሚስማሩ ነቀለው። ፍኖተ ሰላም እስክንደርስ ሸራው መኪናው ወለል ላይ ተጋድሞ፣ አጃቢዬ ጫማውን አሳርፎበት ነበር። በዚያች ሰዓት ከራሴ ይልቅ ለሸራው አዘንሁ ብል ማን ያምነኛል? ግን እንደዚያ ነበር።

ያሰሩኝ ቀድሞ የእህል መጋዘን በነበረ ክፍል ነው። የነቀዝ ሽታው ከባልዲው ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ጉሮሮ ይይዛል። ውስጥ ያገኘሁት አንድ ሽማግሌ ብቻ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን የሚሥሉ የቋሪት መሪጌታ። ጊዜው ገበሬው መሬቴ አይለካም ብሎ ያመፀበት ነበር። እሳቸውም ለኪዎቹን የረዳ ይወገዝ ብለው ገበያ ላይ በመናገራቸው ነው የተያዙት። እጅ ነሥቼ ስገባ ሱሪዬን ከላይ እስከ ታች አዩት።

"ጆሮ ጠቢ መሆንህን አውቄያለሁ። በከንቱ አትድከም" አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

በማግሥቱ የመረመረኝ መቶ አለቃ የዚያው አገር ልጅ ነው። ሥዕሌን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶታል። ቢጫው የደረሰ ጤፍ ነው፤ ሰማያዊው ተራራ፤ አረንጓዴው አንድ ትልቅ ዋርካ። ከዋርካው ሥር በወፍራም ብሩሽ ጣል ጣል ያደረግኋቸው ነጫጭ ነገሮች አሉ።

"ይሄ ነጭ ነጩ ምንድን ነው?"

"ሰው ነው። ጋቢ የለበሱ ሰዎች።"

"ዓይናቸው የታል?"

"ከሩቅ ዓይን አይታይም።"

በጥፊ አጮለኝ። "በእኛ ደብር ይሁዳ እንኳ ስሙ ተጽፎበታል" አለ። "ስም የሌለው ሰው የሚሥል የሚደብቀው ቢኖረው ነው። የት ነው? እነማን ናቸው?"

አዲስ አበባ የተማርሁት አሣሣል ቅጠል በቅጠል እንደማይለቅም፣ የምከተለው ብርሃኑንና ነፋሱን እንደሆነ ላስረዳው ሞከርሁ። ሳቀብኝ። ደደብ ነበር፤ ግን ስቷል አልልም። ገበሬዎቹ ለኪ ላለማስገባት ሲማማሉ ከወንዝ ማዶ ሆኜ አይቻቸዋለሁ። ቦታው ከታወቀ ወታደር ይሄድበታል። ወታደር የሄደበት መንደር ጎተራው ነድዶ፣ ከብቱ ተነድቶ ነው የሚቀር። የመሪጌታም መንደር እንዲያው ሆኗል። ያን ቀን አልተናገርሁም፤ ነገ እንዴት እንደምችለው ግን አላውቅም ነበር። ፈራሁ።

በሦስተኛው ቀን ጧት መቶ አለቃው ራሱ ሥዕሉን ይዞ ወደ ክፍላችን መጣና ከግድግዳው አስደገፈው። ከእኔ ቤት የተያዘ ጥቁር ቀለምና ቀጭን ብሩሽ መሪጌታ እግር ሥር አኖረ።

"አንተ" አላቸው። ካህን እንዲህ ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም። "ለነዚህ ፊት ሥራላቸው። ስማቸውን ከላያቸው ጻፍ፤ ደብሩንም ጻፍ። ሌላ ደብር ሄደህ የጀመርኸው ቤተ መቅደስ የማርያም ፊት ሳይሣል ቀርቷል አሉ። ይህን ካደረግህ ነገውኑ ሄደህ ትጨርሳለህ።"

የማርያም ፊት ሲባል የመሪጌታ ጉንጭ ሲርበተበት አየሁ።

በሩ ሲዘጋ ሄደው አፍንጫቸው ሸራውን እስኪነካ አጎነበሱበት። "ይህ ቀለም የተደፋበት ጨርቅ ነው" አሉ።

"ቀርበው አይዩት መሪጌታ። ራቅ ይበሉ።"

"ሥዕል ቀርበው ይሳለሙታል እንጂ ይሸሹታል?" ጥጉ ላይ ስሜን አገኙት። "ይባስ ብለህ ስምህን ጽፈሃል! የሣለ ስሙን አይጽፍም። ስሙ የሚጻፈው የተሣለው ነው። ይህን ያላስተማረህ ምን አስተማረህ?"

ተናደድሁ። "እንግዲያው ይጻፉላቸውና ይሂዱ" አልኋቸው። ወደ ቦታቸው ተመልሰው ዳዊታቸውን በቃላቸው ይደግሙ ጀመር።

ከሰዓት በኋላ ጠባቂው በሩን ገርበብ አድርጎ ሲተወው ፀሐይ ገብታ ሸራው ላይ አረፈች። ድጋማቸው ተቋረጠ። ከወዲያኛው ግድግዳ ሆነው ሲያዩ ቆዩ።

"ነፋሱ ከወንዙ በኩል ነው የሚመጣ" አሉ በመጨረሻ።

"ከወንዙ በኩል ነው።"

"ጤፉ ሲተኛ ያስታውቃል። ዝናብም አዝሏል፤ ሳይታጨድ እንዳይደርስበት።" በጣታቸው ወደ ዋርካዋ አመለከቱ። "ዋርካይቱንም በግራዋ መብረቅ መትቷታል።"

እኔ ያችን ቅርንጫፍ በአንድ የብሩሽ ምት ነው ያለፍኋት። እዚያ አገር ቤተ ክርስቲያን ሥለው ኖሯል።

"ያውቋታል?"

"አትጠይቀኝ። እኔም አልጠየቅሁህ።"

ተነሡ። ብሩሹን ከቀለሙ ነከሩትና ሸራው ፊት ተንበረከኩ። እጃቸውን ልይዝ ተንቀሳቀስሁ፤ ከዚያ ግን ተውሁት። ስድሳ ዓመት ሊሞላው ለተቃረበ ሰው፣ የማርያም ፊት ለቀረው ሰው፣ ምን ብዬ ልከልክለው? ጀርባቸው ስለከለለኝ የሚጽፉት አልታየኝም። ጠላኋቸው። እውነቱን ልናገርና፣ ያን ያህል ሰው ጠልቼ አላውቅም።

መቶ አለቃው ሲመጣ ሸራውን ብድግ አድርጎ ወደ ብርሃኑ አዞረው። ያኔ እኔም አየሁ። ከዳር ካለው ከአንዱ ነጭ በላይ፣ ቁልጭ ባለ የቤተ ክርስቲያን ጽሕፈት፣ አንድ ስም ብቻ ተጽፏል፤ የመሪጌታ የራሳቸው ስም።

"ይሄ አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ።"

"የሌሎቹስ?"

"ከሩቅ ናቸው። ከሩቅ ዓይን አይታይም።"

"ደብሩስ የታል?"

"የእኔን ደብር ያውቁት የለም? ሄደው ይዩት።"

"እሱንማ ጨርሰነዋል!" አለ መቶ አለቃው፤ ካለ በኋላ ያለውን የሰማው ይመስላል፣ ፊቱ ቀላ።

"እንግዲያው ሥዕሉም አልቋል" አሉና ብሩሹን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው በሁለት እጃቸው አቀረቡለት።

ወሰዷቸው። ሲመልሷቸው ቀኝ እጃቸው አብጦ ጣታቸው አይታጠፍም ነበር። ውኃ አጠጣኋቸው። ያለቀስሁትን አይተው፣ "አይዞህ፣ ጨርቁ ያው ጨርቅ ነው" አሉኝ። ቆየት ብለው ደግሞ፣ "ነፋሱ ግን ነፋስ ነው።"

እኔንም ሌላ ጠየቁኝ፣ ሌላም አደረጉኝ፤ ስለ ቦታው ግን፣ የነደደው የመሪጌታ መንደር ነው ብለው፣ ደግሞ የጠየቀኝ የለም። የዚያ ዓመት ጤፍ ታጨደ፤ ዋርካዋም እስካሁን አለች። የማርያምን ፊት የሣለው ሌላ ሰው ነው። አንድ ጊዜ ሄጄ ተሳለምሁት፤ መልካም ፊት ነው፣ ግን የእሳቸው አይደለም። መቶ አለቃውን ይቅር አላልሁትም፤ እንድልም የሚመክረኝን አልወድም።

ዛሬም በወፍራም ብሩሽ እሥላለሁ፤ ጥጉ ላይ ስሜን ግን አልጽፍም። ሥዕል ሊያዩ የሚመጡ ሰዎች ነጫጮቹን በጣት እያሳዩ እነማን ናቸው ይሉኛል። ራቅ ብለው እንዲያዩ እነግራቸዋለሁ። የመሪጌታን ስም እዚህም አልጻፍሁትም። እሳቸው አንድ ጊዜ ጽፈውታል።