ፍራሽ የተከለከለችበት ዓመት

ፋብሪካው ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም፤ ሁሉም «አውራ ጣት» ነበር የሚላት። ተቆርጦ የወጣውን ስፖንጅ በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ትለቀውና እንዴት እንደሚመለስ ታየዋለች። ከዚያ፣ «ይሄ ስድስት ወር ሳይሞላው ይጎደጉዳል» ትላለች። በመሣሪያ ሲለካ ያለችው ሆኖ ይገኛል። በቆራጭነት ተቀጥራ በገባች በአሥራ ዘጠነኛው ዓመት የምርት ክፍል ኃላፊ ሆና ሰማንያ ሠራተኛ ታዝ ነበር።

ኃላፊነቱ የተሰጣት ዕለት አንድ ወረቀት ፈርማለች። ደጅ መኪና ቆሞ ጭነት እየጠበቀ ስለነበር ጥድፊያ ላይ ነበረች። ጸሐፊዋ «እዚህ ጋ፣ እዚህም ጋ» ስትላት፣ አዲሱን የሥራ መደቧን ብቻ አንብባ እዚያው እንደቆመች ፈርማ ወደ ማሽኑ ተመለሰች።

በኋላ የፋብሪካው ሽማግሌ ባለቤት ታመው ቤት ሲውሉ ልጃቸው ወንበሩን ተረከበ። ልጅየው ክፉ አልነበረም፤ ፋብሪካውን የሚያውቀው ግን በስልክ ነበር። አብሮ አደጉን አምጥቶ ከእሷ በላይ አስቀመጠው። አብሮ አደጉ ደግሞ የኬሚካሉን መጠን በገዛ እጁ ቀየረና አንድ ሳምንት ሙሉ የተመረተው ስፖንጅ መሃል ለመሃል ተሰነጠቀ። ጥፋቱ የተጻፈው በእሷ ላይ ነው። አልጮኸችም፣ አልተከራከረችም። በከተማው ሌላ ጫፍ ያለ የፍራሽ ፋብሪካ ምክትል ሥራ አስኪያጅ አድርጎ ሊወስዳት ከጠየቃት ቆይቶ ነበርና፣ መልቀቂያዋን አስገብታ ወጣች።

አዲሱ ቢሮ ሰፊ መስኮት ነበረው። መስኮቱን የከፈተችው ግን ለአራት ቀን ብቻ ነው። በአምስተኛው ቀን ሥራ አስኪያጁ አስጠራት። ጠረጴዛው ላይ ከቀድሞው ፋብሪካ ጠበቃ የተላከ ደብዳቤ ተዘርግቷል።

«ይሄ የእርስዎ ፊርማ ነው?»

«የኔ ነው።»

«ከለቀቁ በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ በፍራሽ፣ በትራስ፣ በስፖንጅ ሥራ በማናቸውም መልኩ አልሰማራም ይላል እኮ። ምን የቀረ አለ?»

«አላነበብኩትም።»

ሰውየው በረጅሙ ተነፈሰ። «ማንስ ያነበዋል። ግን ነገሩ እስኪጠራ ድረስ ቤትዎ ቢቆዩ ይሻላል። ለእኛም ለእርስዎም።»

ባሏ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው። የውሉን ቅጂ እንደ ተማሪ ደብተር በቀይ እስክሪብቶ እያሰመረ አነበበውና ቀና አለ። «አንቺ፣ ፍራሽ ላይ መተኛቱስ ይፈቀድልሽ ይሆን?»

ሳታስበው ሳቀች። ከዚያ ተነሥታ ጓዳ ገባችና ብዙ ቆየች። ባሏም አልተከተላትም።

ከቤት በዋለች በሁለተኛው ወር ታላቅ እህቷ አዲስ ቤት ገብታ ስለነበር ፍራሽ ለመምረጥ ይዛት ወጣች። ሱቁ ውስጥ ፍራሹ ግድግዳውን ተደግፎ ተደርድሯል። እሷ እጇን ኮቷ ኪስ ውስጥ ከትታ ቆመች።

«ኧረ ንኪው እንጂ! ለምን ይዤሽ የመጣሁ መሰለሽ?» አለች እህቷ።

«አንቺ ንኪው። እኔ አልነካም ብዬ ፈርሜያለሁ።»

እህቷ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ወዲያው ፊቷን አየችና ሳቋን ዋጠችው። አውራ ጣት አንድ ነገር የገባት ያኔ ነው፦ የምር ፈርታለች። ማንም ሳያያት፣ ማንም ሳይከሳት፣ ሱቅ ውስጥ ፍራሽ መንካት ፈርታለች። በማግስቱ ጠበቃ ፍለጋ ወጣች፤ ውሉ እንዲሻርላትም ለፍርድ ቤት አመለከተች።

ክርክሩ እየተጓተተ ሳለ አንድ ሆስፒታል የልብስ እጥበት ክፍል ኃላፊ አድርጎ ቀጠራት። ሥራው ከእሷ ልምድ ጋር አይገናኝም፤ ቢሆንም አንሶላ የሚጠፋው ከየትኛው ፎቅ እንደሆነ በሦስት ሳምንት ውስጥ ደረሰችበት። ነርሶቹም ወደዷት።

ፋብሪካውን በለቀቀች በዘጠነኛው ወር ምስክር ተሰማ። የፋብሪካው ጠበቃ፣ የምርቱን ምስጢር ይዛ መሄዷን ያስረዱልኛል ብሎ ያቀረባቸው ሽማግሌውን ባለቤት ነበር። ምርኩዛቸውን ይዘው ቀስ ብለው ገቡ። ልጃቸው ከኋላ ተቀምጧል።

ዳኛዋ ጠየቋቸው። «ይህች ሴት ከፋብሪካው የወሰደችው ምስጢር ምንድን ነው?»

«ምስጢሩማ ካዝና ውስጥ ነው፤ ቁልፉም እኔ ዘንድ ነው።»

«ታዲያ ምን ወሰደች?»

ሽማግሌው ወደ እሷ ዞሩ። «ጣቷን። እሱን ደግሞ ይዛው ነው የመጣችው፤ እኛ አልሰጠናትም።»

ጠበቃው ጉሮሮውን ጠረገ። ልጅየው መሬት መሬቱን አየ።

ፍርዱ ሙሉ ድል አልነበረም። የፋብሪካውን የኬሚካል ቀመር እንዳታወጣ፣ የፋብሪካውንም ደንበኞች እንዳትቀርብ ታዘዘች፤ የሦስት ዓመቱ ክልከላ ግን ወደ አንድ ዓመት ዝቅ አለ። ዓመቱ ሲሞላ ባለ መስኮቱን ቢሮ ሌላ ሰው ይዞት ነበር። ሥራ አስኪያጁ እያፈረ፣ «የጥራት ቁጥጥር ኃላፊነት ብቻ ነው ያለኝ» አላት። አንድ ቀን አስባ ተቀበለችው። ባሏ ስለ ማዕረጉ ሊያነሣ ሲል፣ «ተወው፤ ማሽኑ አጠገብ ነው» አለችው።

ፍርዱ በተሰጠ በሁለተኛው ዓመት ሽማግሌው ዐረፉ። ቀብር ሄደች፤ ከድሮ ባልደረቦቿ ጋር ቆመች። መመስከራቸውን አስታውሳ ማልቀስ ብትፈልግም እንባ አልመጣላትም፤ ከሁሉ በላይ ድካም ነበር የተሰማት። ልጅየው ሰዉን እየተሰናበተ ሲመጣ እጁን ዘረጋላት።

«መጣሽልን» አለ።

«እንዴት እቀራለሁ።»

ከዚያ እሱ የኬሚካል እጥረቱን አነሣ፤ መርከቡ ወደብ ላይ ከቆመ ወር አልፎታል አለ። እሷም አሁን የምትሠራበት ፋብሪካ እንዲሁ እንደሆነ ነገረችው። ስለ ፍርድ ቤቱ ሁለቱም አላነሡም። ሰው ሲጠራው ይቅርታ ጠይቆ ሄደ፤ እሷም አውቶቡሷን ልትይዝ ወደ መንገዱ ወረደች።